የአምበሉ ደቂቃዎች፦ የ35 ዓመት አጥቂን ጫና ለማስተዳደር የሞከርንበት አንድ የውድድር ዘመን

መነሻ

በአንድ የሊግ ክለብ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ካጋጠሙኝ ጉዳዮች ደጋግሜ የምመለስበት ይህ ነው። የቡድኑ አምበል፣ የ35 ዓመት አጥቂ፣ በስምንተኛው ጨዋታ 23ኛው ደቂቃ ላይ የጭኑን የኋላ ጡንቻ ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ያስቀመጠው እርሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ብለን ያወጣነው ዕቅድ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁለተኛ ዕቅድ የተሻለ ውጤት አመጣ፤ ቢሆንም አንድ ሌላ ልጅ አስጎድቶብናል።

የክለቡንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችም አልገቡም። ቁጥሮቹ በጊዜው ከያዝኩት ማስታወሻ የተወሰዱ ናቸው።

ተጫዋቹና ቡድኑ

አምበሉ በክለቡ 11ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በወጣትነቱ የቀኝ መስመር ተጫዋች ሆኖ ጀምሮ ኋላ ላይ ወደ አጥቂነት ተሸጋግሯል። ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ከ34 የሊግ ጨዋታዎች 32ቱን በቋሚነት ጀምሮ 11 ግብ አስቆጥሯል። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ምንም አልጎደለም። ቪዲዮውን ቁጭ ብለን ስናይ ግን ከ11ዱ ግቦች ዘጠኙ ከ60ኛው ደቂቃ በፊት የተቆጠሩ ሆነው አገኘናቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ኳስ ሲነጠቅ ለማስመለስ የሚሮጣት ያቺ የአምስት ሜትር ሩጫ ጠፍታለች። ባቱን እያመመው ሁለት ጊዜ መጫወቱንም የሰማነው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለ ዕድሜ በየቦታው የሚባለው “ትንፋሹ አለቀ” የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። በሚገባ የሚሠራ ተጫዋች ከ30 በኋላም ለረጅም ጊዜ መሮጥ ይችላል። ቀድሞ የሚቀንሰው የፍንዳታ ኃይሉና ከጨዋታ የሚያገግምበት ፍጥነት ነው። ጅማቱ ጫና ከተቀበለ በኋላ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ የባትና የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳትም ከዕድሜ ጋር ይበረታል፣ በተለይ ከዚህ በፊት በተጎዳ እግር ላይ። አምበሉ ሁለቱም ነበሩበት።

አሰልጣኙ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ከእኔ ሌላ አንድ ሐኪምና አንድ ወጌሻ ነበረን። በአጥቂው ቦታ ሊተካው የሚችለው ደግሞ በሊጉ ስድስት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ የ20 ዓመት ልጅ ነው። ይህን የማነሳው ሰዎች ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚጠቅሱት ምሳሌ የሪያል ማድሪድ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016/17 አሰልጣኙ ዚነዲን ዚዳን የ32 ዓመቱን ክርስቲያኖ ሮናልዶን ከበርካታ የሊግ ጨዋታዎች፣ በተለይ ከሜዳቸው ውጪ ከሚደረጉት፣ አሳርፎት ነበር። ሮናልዶም በሻምፒዮንስ ሊጉ ከሩብ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ 10 ግብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ ሁለቱንም ዋንጫ ወሰደ። ግሩም ምሳሌ ነው። ዚዳን ግን ሮናልዶን ሲያሳርፍ ወንበሩ ላይ ሞራታ፣ ኢስኮና አሴንሲዮ ነበሩት።

የመጀመሪያው ዕቅድ

ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምበሉ በየጨዋታው በ65ኛው ደቂቃ ገደማ ተቀይሮ ይወጣል። ከጨዋታ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ያርፋል። ከፍጥነት ሩጫ ልምምድ ይቀራል፤ በጠባብ ሜዳ በሚደረገው የልምምድ ጨዋታ ደግሞ ገለልተኛ ተጫዋች ይሆናል፤ ኳስ ከያዘው ወገን ጋር እየሆነ ያቀብላል እንጂ ማንንም አያሳድድም። በየጠዋቱ እንደማንኛውም ተጫዋች እንቅልፉን፣ ድካሙንና የጡንቻ ሕመሙን ከ1 እስከ 5 ቁጥር እየሰጠ ቅጽ ይሞላል፤ 1 ምንም የለም፣ 5 በጣም ነው። ከልምምድ በኋላም የልምምዱን ክብደት ከ0 እስከ 10 ይናገራል፤ ያንን በደቂቃው አባዝቼ የሳምንቱን ጫና እይዛለሁ።

አምስት ተጫዋች መቀየር መቻሉ ነገሩን አቅልሎልናል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2020 በጊዜያዊነት መጥቶ በ2022 ቋሚ ከመሆኑ በፊት ቢሆን ኖሮ፣ አንዱን ቅያሪ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ማስያዝ ለአሰልጣኙ ከባድ ይሆንባቸው ነበር።

ሰባት ጨዋታ እንዲህ አለፈ። ሁለት ግብ አስቆጠረ፣ አልተጎዳም፣ የሳምንት ጫናው በወረቀቴ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠራ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔም ያን መስመር ለሥራ አስኪያጁ በኩራት አሳይቻለሁ።

23ኛው ደቂቃ

ስምንተኛው ጨዋታ በሜዳችን ነበር። ኳሷ ከመሀል ሜዳ ተነስታ በተከላካዮቹ ጀርባ ተላከች። አምበሉ ቀድሞ አይቷታል፤ ዓይኑ መቼም አያረጅም። አሥር ሜትር ያህል እንደሮጠ ከተከላካዩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነ፤ ከዚያ ጥሎት ለመሄድ ፍጥነት ሲጨምር ርምጃው በድንገት አጠረ። እጁ ወደ ጭኑ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ወጌሻው የሕክምና ቦርሳውን ይዞ ሲነሳ እኔ ሰዓቴን አየሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ስለ እርሱ እንዳልነበር አምናለሁ፤ “እንዴት በ23ኛው ደቂቃ?” የሚል ነበር። ዕቅዱ በሙሉ የቆመው ሰው የሚጎዳው ሲደክም ነው በሚል ግምት ላይ ነበርና።

ምርመራው ሁለተኛ ደረጃ የጡንቻ መቀደድ አሳየ። ስድስት የሊግ ጨዋታዎች አመለጡት።

በዚያ ሳምንት የጂፒኤሱን፣ የተጫዋቾችን ርቀትና ፍጥነት የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ መረጃ እንደገና ከፍቼ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት። እስከዚያ የማየው የሮጠውን ጠቅላላ ርቀት ነበር፤ አሁን ፍጥነቱን ብቻ አወጣሁ። በዝግጅት ወቅት የተመዘገበው ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 32.4 ኪሎ ሜትር ነው። በሰባቱ ሳምንታት የዚያን 90 በመቶ፣ ማለትም 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በልምምድ ሜዳ አንድም ጊዜ አልነካም። በጨዋታ ላይ የነካው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ጠባብ ሜዳ ላይ ደግሞ ገለልተኛ ሆነህም ሳትሆንም ሙሉ ፍጥነት ላይ መድረስ አይቻልም፤ ቦታው አይበቃም። የጭን የኋላ ጡንቻ ከሁሉም በላይ የሚወጠረው በሙሉ ፍጥነት በሚሮጡበት ጊዜ ነው። እኛ ጡንቻውን ከዚያ ሥራ አስለቅቀን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ድንገት እየጠራን እናዘዋለን። አሳርፈነው ሳይሆን እንዲዝግ አድርገነው ነበር።

ቅጹና ውሉ

ሁለተኛው ግኝት የወጌሻው ነው። የጠዋቱን ቅጾች ከፊቱ ዘርግቶ ሲመለከት ቆየና “ይህን ቀለም እየው” አለኝ። የአምበሉ ቁጥሮች ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም “2” ናቸው፤ ሁሉም በአረንጓዴ ቀለም የተጻፉ። አረንጓዴ እስክሪብቶ የሚይዘው ቡድን መሪያችን ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቅጹን የሚሰበስበው ዓርብ ነው። አምበሉ የሳምንቱን ሕመም በሙሉ ዓርብ ከሰዓት በአንድ ትንፋሽ ሞልቶታል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቁጥር ላይ አማካይ አውጥቼ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ።

ወጌሻው ያንን ለማንም ሳያወራ ሕክምና ላይ ጠበቀው። ጭኑን እየደገፈ ሲያፍታታው፣ ከመጎዳቱ በፊት ምን ይሰማው እንደነበር ጠየቀው። አምበሉ ከሐሙስ ጀምሮ ጡንቻው ይይዘው እንደነበር ተናገረ። “ታዲያ ለምን ዝም አልክ?” ሲለው የሰጠው መልስ በሰባት ሳምንት ውስጥ ከሰበሰብኩት መረጃ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። “20 ጨዋታ ካልጀመርኩ ውሌ አይታደስም።”

ውሉ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ ነበር፦ በውድድር ዘመኑ 20 የሊግ ጨዋታዎችን በቋሚ አሰላለፍ ከጀመረ ውሉ ለአንድ ዓመት በራሱ ይራዘማል። ሥራ አስኪያጁ ያውቃሉ፣ ወኪሉ ያውቃል። አሰልጣኙ በጭምጭምታ ሰምተዋል። ሐኪሙ፣ ወጌሻውና እኔ፣ በየቀኑ “ዛሬ እንዴት ነህ?” እያልን የምንጠይቀው ሰዎች፣ አናውቅም። ለእርሱ “ትንሽ ያመኛል” ማለት ምናልባት የሚቀጥለውን ዓመት ደመወዝ መጣል ነው። ወጌሻው “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም” ማለት ይወድ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ለሸሸገ ሰው ይከፈለው ነበር።

አሰልጣኙ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተነስተው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዱ። ድርድሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ዝርዝሩ የእኔ አይደለም። በመጨረሻ አንቀጹ ተለወጠ። የሚቆጠረው በቋሚነት የጀመረው ጨዋታ መሆኑ ቀረና ለጨዋታ ብቁ ሆኖ በቡድኑ ዝርዝር የገባበት ሆነ፤ ቁጥሩም ወደ 24 ከፍ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋልም ተቆጠረለት። ክለቡ በዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም።

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት እርሳስ

ወደ ሜዳ ሊመለስ አሥር ቀን ሲቀረው አሰልጣኙ አምበሉንና እኔን ጠሩን። የቀሩት የሊግ ጨዋታዎች 20 ናቸው። መርሐ ግብሩን በሁለት ቅጂ አትሜ ነበር። አንዱን ለአምበሉ ሰጡት፣ አንዱን ራሳቸው ያዙ። “በቋሚነት ልጀምር ይገባል የምትለውን አክብብ። እኔም አከብባለሁ” አሉት።

አምበሉ 17 አከበበ። እርሳስ ይዞ ብዙ አላሰበም። አሰልጣኙ ስምንት አከበቡ። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክፍሉ ውስጥ የቀረው የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ብቻ ነበር።

አሰልጣኙ ሮጀር ሚላን አነሱ። እ.ኤ.አ. በ1990ው የዓለም ዋንጫ፣ በ38 ዓመቱ፣ ለካሜሩን አራት ግብ አስቆጥሯል፤ አራቱንም ተቀይሮ ገብቶ። አምበሉ አንገቱን ሳያቀና “ኮች፣ ሚላን ከጡረታ ነው ጠርተው ያመጡት። እኔን እኮ ወደ ጡረታ እየሸኙኝ ነው” አላቸው። ልክ ነበር። ሚላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያገኘው ነገር ነው፤ አምበላችን ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያጣው ነገር ነው። ያንኑ ወንበር ሁለት ሰው በሁለት ዓይን ያየዋል። አሰልጣኙ ሚላን ከዚያ በኋላ ደግመው አላነሱትም።

ከዚያ ጨዋታ በጨዋታ ተነጋገሩ። የከረረው ክርክር ስለ ታላላቆቹ ቡድኖች አልነበረም፤ በእነርሱ ላይ ሁለቱም አክብበዋል። የከረረው በሦስት ቀን ልዩነት ውስጥ ስለሚደረጉት ጨዋታዎች ነው። እዚህ ላይ እኔ ገባሁ፤ ከጨዋታ በኋላ ሙሉ ኃይሉን ለመመለስ ከ72 ሰዓት በላይ እንደሚፈልግ ካለፈው ዓመት መረጃ አሳየሁት። ተከራከረ፣ ከዚያ አንዱን ክብ በራሱ ላጲስ አጠፋ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው፦ 12 ጨዋታ ይጀምራል፣ በአምስቱ ተቀይሮ ይገባል፣ በሦስቱ ጨርሶ ያርፋል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ፈረሙ። መፈረሙን የጠየቀው አምበሉ ነው።

አሰልጣኙ አንድ ቃል ጨመሩ፦ ዕቅዱ ከተቀየረ ማክሰኞ ከእርሳቸው አፍ ይሰማል እንጂ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከተለጠፈ ዝርዝር አያነብም። ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሮማው አምበል ከፍራንቼስኮ ቶቲ ታሪክ የተማሩት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የ39 ዓመቱ ቶቲ ስለ መጫወቻ ጊዜው በቴሌቪዥን ቅሬታ በማሰማቱ አሰልጣኙ ሉቺያኖ ስፓሌቲ ከጨዋታ በፊት ወደ ቤቱ መለሱት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቶቲ በ86ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቶሪኖ ላይ ሁለት ግብ አስቆጠረ፤ ሮማም 3 ለ 2 አሸነፈ። የእኛ አሰልጣኝ “ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የጎደለው ቀድሞ መነጋገር ነው” ይሉ ነበር። እኔ ሁለቱም ልክ ስለመሆናቸው አልማልም፤ የማክሰኞው ደንብ ግን ሠራ።

ሁለተኛው ዕቅድ

ትልቁ ለውጥ ፍጥነትን ወደ ሳምንቱ መመለሳችን ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ረቡዕ ዕለት፣ ሰውነቱ በደንብ ከተሟሟቀ በኋላና ድካም ሳይገባበት፣ ከ30 እስከ 40 ሜትር ርቀት ሦስት ወይም አራት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። በየመሀሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ያርፋል። ጠቅላላ ሥራው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከጉዳቱ ሲመለስም መለኪያችን ይኸው ነበር፤ ከከፍተኛ ፍጥነቱ 90 በመቶ በላይ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ሳይነካ ለጨዋታ አይቀርብም አልን። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሊለቀው ፈልጎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የዘገየነው እኛ ሆንን።

ለጭኑ የኋላ ጡንቻ የኖርዲክ እንቅስቃሴ ሰጠነው፤ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚት በሰው ተይዞ፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ፊት መውደቅ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜም ከጨዋታ ርቆ። ለባቱ ክብደት ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ አንዴ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ታጥፎ። ከጨዋታ በኋላ ከነበረው የሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት አንዱን ቀን በብስክሌትና በመዋኛ ገንዳ ተካነው።

የጠዋቱን ቅጽ ለእርሱ ሰረዝነው። በምትኩ ወጌሻው በሳምንት ሦስት ጠዋት ሁለት ነገር ይለካል፦ በአንድ እግር ቆሞ ስንት ጊዜ ተረከዙን ማንሳት እንደሚችልና፣ በጉልበቶቹ መሀል የተያዘ መለኪያን ምን ያህል መጭመቅ እንደሚችል። ቁጥሩ ከወትሮው ከቀነሰ ይነጋገራሉ። እጁ ባት ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄና ወረቀት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ አይደለም፤ ወጌሻው ጥያቄውን ሲጠይቅ መልሱን ግማሹን በጣቱ ያውቀዋል።

የምግቡ ነገር ብዙ አያስጽፍም፤ ከእኛ በተሻለ ይጠነቀቅ ነበር። እንቅልፉ ግን ከማታ ጨዋታ በኋላ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አይመጣም ነበር። ቶሎ ተኛ ማለት ስላልረዳው የማግሥቱን ቀጠሮ ወደ ከሰዓት አዛወርንለት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወንበሩ

ተቀይሮ መግባት ያለ ዝግጅት የገባንበት ነገር ነው። የ20 ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ተቀምጦ በአምስት ደቂቃ ማሟሟቅ ይገባል። የ35 ዓመት ሰው አንድ ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ በዚያ ደቂቃ ሰውነቱ አይከፈትም። ሌላም ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ሳለ 50ኛው ደቂቃ ላይ በመስመሩ ዳር መሮጥ ሲጀምር ደጋፊው ስሙን መጥራት ጀመረ። ሜዳ ውስጥ ያለው ወጣት አጥቂ አንገቱ ሲዞር አየሁት፤ ቀጥሎ ያገኛትን ኳስ መቆጣጠር አቃተው። አሰልጣኙም በ68ኛው ሊያስገቡት ያሰቡትን ሰው ግፊቱ ከብዷቸው በ55ኛው ደቂቃ አስገቡት። ገና አልሞቀም ነበር። ምንም አልደረሰበትም፤ ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ ማሟሟቂያውን ከሕዝብ ዓይን አወጣነው። በዕረፍት ሰዓት አሰልጣኙ የሚገባበትን ደቂቃ በግምት ይነግሩታል። ሌሎች ተቀያሪዎች ሜዳ ላይ ሲሮጡ እርሱም ሦስት ፈጣን ሩጫ ይሮጣል። ከመግባቱ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ወደ መልበሻ ክፍሉ ኮሪደር ይገባል፤ እዚያ ብስክሌት አቁመንለት ነበር። ሲወጣ ወዲያው ይገባል። ደጋፊው የሚያየው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እስከዚያ ወንበር ላይ በፎጣ የተሸፈኑ ጭኖቹን በጡጫው ቀስ እያለ ሲመታ ይቆያል። ተቀያሪ ሆኖ በገባባቸው ጨዋታዎች ያስቆጠራቸው ግቦች ሦስት ናቸው።

ያልሠራው

አንደኛው የክለቡ ፕሬዚዳንት ነገር ነው። ጨርሶ እንዲያርፍ ከተስማማንባቸው ሦስት ጨዋታዎች አንዱ በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ለአሰልጣኙ ደውለው “ቢያንስ ወንበር ላይ ይታይ” አሉ። አሰልጣኙ የተፈረመበትን ወረቀት ጠቅሰው እምቢ አሉ። ጨዋታውን ተሸነፍን። በዚያ ሳምንት ክለቡ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ቀነሰ።

የከፋው ሌላው ነው። አምበሉ በሁለተኛው ዕቅድ ከፊት አጥቂው ጀርባ እንዲጫወት ተደረገ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጋጣሚን የመስመር ተከላካይ መከተል ቀረለት። ያንን ሩጫ ግን አንድ ሰው መሮጥ ነበረበት። በቀኝ በኩል ያለ የ22 ዓመት አማካይ ያለ አንዳች ስብሰባ ወረሰው። ልጁ ጠንካራ ነው፣ አያማርርም፣ እኛም አልጠየቅነውም። በስምንት ሳምንት ውስጥ በፍጥነት የሚሮጠው ርቀት በጨዋታ በአማካይ በሩብ ያህል ጨምሯል፤ ይህንን ያወጣሁት ብሽሽቱን ተጎድቶ አልጋ ላይ ከተኛ በኋላ ነው። መረጃው በየሳምንቱ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር። እኔ የአንድ ሰው ደቂቃ ስቆጥር የሌላው ሜትር አመለጠኝ። አራት ጨዋታ አጣ። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው “ምን አደረግኸኝ?” አለኝ፤ በእውነት አልገባውም ነበር።

ውጤቱ

ከቀሩት 20 ጨዋታዎች አምበሉ 11 በቋሚነት ጀመረ፣ በስድስቱ ተቀይሮ ገባ፣ በሦስቱ አረፈ። በጡንቻ ጉዳት ያመለጠው ጨዋታ የለም። ሰባት ግብ አስቆጠረ። ሲመለስ ዘጠነኛ የነበረው ቡድን አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ይህን በዕቅዱ ምክንያት ነው አልልም፤ በዚያው ወቅት አዲስ ግብ ጠባቂ አስፈርመን ነበርና።

ከ12 ወደ 11 የወረደው በአንድ ጨዋታ ነው። ሊጠናቀቅ አራት ጨዋታ ሲቀር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በግራ እግሩ ተረከዙን ሲያነሳ ቁጥሩ ከወትሮው በስድስት አነሰ። ወጌሻው ገና አፉን ሳይከፍት አምበሉ “ባቴ ይዞኛል፤ ቅዳሜ ከጅምሩ አልችልም” አለ። በ70ኛው ደቂቃ ገብቶ ተጫወተ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጀመረ።

ከጉዳቱ በፊት የጀመራቸው ስምንት ጨዋታዎች ሲደመሩ በዓመቱ በቋሚነት የጀመረው 19 ነው። አሮጌው አንቀጽ ሳይነካ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ውሉ በአንድ ጨዋታ ይወድቅ ነበር፤ ያ ሐሙስ ጠዋትም እንደዚያ ባላለፈ ነበር። በአዲሱ አንቀጽ የተቆጠረለት 25 ስለሆነ ውሉ ተራዘመ። በቀጣዩ ዓመት መርሐ ግብሩ ሲወጣ ሁለቱ እንደገና እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። በሙሉው ዓመት አሰልጣኙ 21 አከበቡ፣ አምበሉ 19።

ለሌላ ቡድን የሚጠቅም

ተመሳሳይ ጉዳይ የያዘ ባልደረባ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ውሉን አንብብ ነው። ማንበብ ካልተፈቀደልህ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ የተንጠለጠለ ጥቅም መኖሩን ብቻ ጠይቅ፤ የገንዘቡን መጠን ማወቅ አያስፈልግህም። ተጫዋቹ የሚነግርህን የሕመም ቁጥር የምትተረጉመው ከዚያ በኋላ ነው።

ደቂቃ መቀነስና ፍጥነት መቀነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደቂቃው ሲቀንስ የፍጥነት ሩጫው በልምምድ መካካስ አለበት፤ በትንሽ መጠን፣ በቋሚ ቀን፣ ሳይቋረጥ። ከሰባቱ ሳምንታት በፊት ይህን አንድ ሰው ቢነግረኝ “አውቃለሁ” እለው ነበር፤ አውቅም ነበር። ታላቅ ተጫዋች ፊትህ ሲቆም ግን እጅህ ለመቀነስ ይፈጥናል፤ ማንም ቢሆን አሳርፈህ ጎዳኸው ብሎ አይወቅስህምና።

የመርሐ ግብሩ ወረቀት ያለ ብዙ ወጪ የሚደረግ ነገር ነው፤ ሁለት ቅጂና አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። እኛ ያደረግነው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ትክክለኛው ጊዜ ግን ከዝግጅት ወቅት በፊት ነው። ተጫዋቹ ከአሰልጣኙ እኩል እርሳስ ካልያዘ ግን ባይደረግ ይሻላል፤ ያለቀለት ዝርዝር አሳይቶ “ተስማማህ?” ማለት የተለጠፈ አሰላለፍ ከማንበብ አይለይም።

አምበሉን ከአንድ ሥራ ስታወርደው ደግሞ ሥራው የሄደበትን ሰው ስም በዚያው ወረቀት ጻፍ። ከዚያ የዚያን ሰው የፍጥነት ርቀት በየሳምንቱ ከአምበሉ ጎን አስቀምጠህ እይ። እኔ አሁን እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው፣ ሁለተኛው የሚሞላው መጀመሪያ ነው።